አገር ስጪኝ

ሦስት ሐሙስ ተመላለሰች ወዲማ፣ ከሙዚየሙ ልጅቱ፣
የተራራው ተረት ሳያልቅ ልትለቅም፣ ከነሥር ከነቅጠሉ።
መቅጃዋን ከተምሩ ሳህን አጠገብ አኖረች፤
ቀይዋ መብራት በራች። «በይ እማማ፣ አውሪኝ» አለች።

እማማ ሙዝና መቅጃውን አየችው እንደ ጊንጥ።
ስለ ጉልበቷ አወራች፣ ስለ ስኳሯ፣ ስለ ኪኒን፣
ስለ ልጇ አዲስ መኪና፤
ተረት ግን የለም።
«ረስታዋለች» አለችኝ ወዲማ በሩ ላይ፣ ከልቧ አዝና።
ዝም አልኩ። ሠራተኛ ካልጠየቋት አትናገርም።

ሌሊት ግን፣
ማቀዝቀዣው ሲያጓራ፣
የራስ አል ኸይማ ተራራ በመስኮቱ ሲጠቁር፣
እግሯን በዘይት ሳሽላት አፏ ይፈታ ነበር።
ስሟ የዝናብ ደመና ማለት ነው፤ እንደ ስሟም
ስትመጣ ትመጣለች፣ ስትቀር አትለመንም።

ጨዋታውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።
«እንቆቅልሽ» ስላት፣
«ምን አውግልሽ» ትለኛለች፣ ቀፏ እንቢ ብሏት።
ከዚያ በኩሽና ዓረቢኛዬ፣ በተሰበረው፣
አንዴ እሷ፣ አንዴ እኔ፣ እስከ አዛን ድረስ ነው።

«ከበሩ ትሰፋለች፣ ከቤት ወጥታ አታውቅም፤
በየት ገባች?»
አጣሁት።
«አገር ስጪኝ!»
«ሰቆጣን ሰጠሁሽ።»
«ፍየል አለው?»
«ሞልቶት።»
«እንግዲያ ይሁን» አለችና ፈታችው፦
የእህል ጋን ናት፣ ዱሮ በተራራው ላይ፤
መጀመሪያ ጋኗን ያስቀምጣሉ፣
ከዚያ ግንቡን በዙሪያዋ ይክባሉ፣
ሌባ ቤቱን ካላፈረሰ ጋኗን አይነቀንቅም።

እሷም ስትሸነፍ ከፈለችኝ፣ ሳትሰስት፦
የገብስ እርከኗን፣ የአባቷን የማር ዋሻ፣
ሠርጓ ቀን ያረፈችበትን የቁርቁራ ጥላ፣
(ቁርቁራው እኛ ጋም አለ፤ እሾሁ አንድ ነው)
የሰልሐድን ምንጭ፣ ከነእንቁራሪቱ።
ፓስፖርቴ በማዳም መሳቢያ ተቆልፎበታል፤
እኔ ግን ግማሽ ተራራ አለኝ።

በሐምሌ ሞተች።
ወዲማ ለለቅሶ መጣች፣ ጥቁር ለብሳ፣ መቅጃ ሳትይዝ።
ሻይ ሳቀርብላት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣
«እኔ ጋ አለ» አልኳት።
«ምኑ?»
«ተረቱ።»

በማግስቱ ኩሽና ገባች። ሽንኩርት እየላጥኩ
አሥራ አንድ ተረት ነገርኳት፣ ስምንት እንቆቅልሽ፣
አንድ እርግማን፣ እሱንም ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
የነብሩ ላይ ስደርስ ግን ተደናቀፍኩ።
ነብር ከአራስ ቤት ደጅ ቆሞ ሲለምን፣
የለመነው ጨው ነው? ወይስ እሳት?
አንዱ የሙዝና ነው፣ አንዱ የአክስቴ የዘርትሁን፤
ስንት ሌሊት ተነጋግረነው፣ ተፈጭቶ አንድ ዱቄት ሆኗል።
«እሳት» አልኩ፣ ስለመጣልኝ።
እነሆ አሁን የላስታ ፍም
በእነሱ መዝገብ ውስጥ ይነዳል፣ ቁጥር ተሰጥቶት።

ቅጹን አወጣች። «ስምሽ?»
«በፓስፖርቱ ዘሃራ። በእናቴ ደብሪቱ።»
ብዕሯ ትንሽ ቆመ።
ከ«ተራኪ» ፊት ለፊት፦ ሙዝና።
ከሥሩ፣ በደቂቅ ፊደል፦ በሠራተኛዋ በኩል።

አልከፋኝም ብል እዋሻለሁ።
ስለዚህ አንዷን አስቀረሁባት፣ የመጨረሻዋን፦

«ሁለት ተራራ ተኳረፉ» አለችኝ በዚያች ሌሊት፣
«አስታራቂያቸው እግር የለው፣ አፍ የለው።
ማን ነው?»
አሰብኩ፣ አሰብኩ። ዘይቱ እጄ ላይ ደረቀ።
«አገር ስጪኝ!»
ሰቆጣ አልቋል፣ ወልዲያ አልቋል፣ ቆቦም ቀድሞ ሄዷል።
«ላስታን ሰጠሁሽ፣» አልኳት፣ «እንዳለ።»
ሳቀች፤ ጥርስ በሌለው ድዷ፣ እኔው ባስተማርኳት፣
«ላስታ ገብቼ፣ ላስታ ወጥቼ...»
ብላ ጀመረችና እንቅልፍ ወሰዳት።
ሲነጋ እግሯ ቀዝቅዟል።

አገሬም መልሱም እሷ ጋ ነው፣ እዚያ ላይ፣ ከድንጋዩ ሥር።
አሁንም ሳህን ሳጥብ እሞክራታለሁ፦
ነፋስ ነው?
አይደለም። ነፋስ አፍ አለው።